ዘይነባ የምትባለው ሞዴል

«ሞዴል» የሚለውን ቃል ታዝባችሁት ታውቃላችሁ? እንደሱ ሆደ ሰፊ ቃል አላየሁም። ንብረት ክፍል ሄዳችሁ አንዲት ብሎን ስትጠይቁ ሞዴል ሃያ የሚባለውን ቅጽ ሙሉ ትባላላችሁ። ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ከካላንደር ውስጥ ፈገግ የምትለዋም ሞዴል ናት። መኪናም ሞዴል አለው። በኢሕአዴግ ጊዜ ደግሞ ሰውም ሞዴል ነበር፤ ሞዴል አርሶ አደር፣ ሞዴል ቤተሰብ፣ ሞዴል ቀበሌ። እኔ የማወጋችሁ ስለ ሌላ ሞዴል ነው። ኮምፒውተር ውስጥ የምትኖር፣ የማትበላ፣ የማትጠጣ፣ ግን አንድ ሰሞን መካነ ሰላምን ያነጋገረች ሞዴል። ስሟ ዘይነባ ነበር።

ቆይ፣ ከሥሩ ልጀምር።

ያኔ ወሎ፣ መካነ ሰላም ከተማ፣ በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ አስተምር ነበር። ሞባይል ገና አልደረሰንም። ኤሌክትሮኒክስ አስተምር ነበር ስላችሁ ደግሞ ዕቃ ያለ እንዳይመስላችሁ። ያለ ወንዝ ዋና እንደማስተማር ነበር። አንዲት ትራንዚስተር ብትቃጠል መድኃኒቷ ደሴ ነው። ደሴ ማለት ደግሞ አቧራ ቅመህ፣ አውቶቡስ ላይ ተንገጫግጨህ፣ ሱቁ በር ላይ ደርሰህ «አልቋል» መባል ነው። እና ዕቃችንን እንደ ታቦት ነበር የምናየው። አለ፤ ግን አይነካም።

ከዕለታት አንድ ቀን ኮምፒውተሮች መጡልን። እነዚያ ሆዳቸው ወደ ኋላ የወጣ። ከነሱ ጋር በአንድ ሲዲ የመጣ ፕሮግራም ነበር። ሰርኪዩቱን ስክሪኑ ላይ ትስላለህ፤ ኮምፖነንቱን ከዝርዝር እየመረጥክ ትደረድራለህ፤ ከዚያ ትጫነዋለህ። ኤሌክትሪኩ በየት እንደሚያልፍ፣ የቱ እንደሚሞቅ፣ የቱ እንደሚቃጠል ቁጭ ብሎ ይነግርሃል። ስክሪን ላይ የተቃጠለ ትራንዚስተር ደግሞ አይሸትም። ደሴም አያስኬድም። ከዚህ በላይ ምን ጸጋ አለ?

በዚህ ፕሮግራም ከሁላችንም በላይ ያበደው የኮምፒውተር አስተማሪው ታዬ ነው። ታዬ የከላላ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጋቢውን ክፍል ውስጥ እንኳ የማያወልቅ። ክርስቲያን ነው፤ ሲምል ግን «ወላሂ» ነው የሚለው። ወሎ ነዋ። አንድ እምነት ነበረው። ኮምፒውተር አይዋሽም ይላል። ሰው ይዋሻል፣ መጽሐፍ ይሳሳታል፣ ኮምፒውተር ግን አይዋሽም። እኔም እንጀራዬ ከኤሌክትሪክ ስለሆነ ብዙ አልከራከረውም ነበር።

አሁን ወደ አከራዬ ልውሰዳችሁ። እትዬ ዘይነባ ይባላሉ። ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ክፍል ሰጥተውኝ ነበር የምኖረው። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጆቻቸው አረብ አገርና አዲስ አበባ ናቸው። የቀራቸው ወዳጅ ዶሮ ነው። በዚያ ዓመት ግን ፈንግል ገብቶ የሐበሻ ዶሮዎቻቸውን ፈጀባቸው። አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ብቻ ተረፈ። በምትካቸው የፈረንጅ ዶሮ የሚሉትን፣ ነጫጭ፣ ከግብርና አመጡ። እንቁላል ሲጥሉ ጉድ ነው። መታቀፍ ግን አያውቁም። አውራው ሥራውን ይሠራል፤ እነሱ ጥለው ይሄዳሉ።

«ወላሂ እንድሪስ፣» አሉኝ አንድ ጠዋት እንቁላል እየለቀሙ፣ «እነዚህ እኮ እንደ ኩሳቸው ነው ጥለውት የሚሄዱት። ዞር ብለው አያዩትም። ይቺ እናት ትባላለች?»

«ፈረንጅ ናቸዋ እትዬ። ልጅ ማሳደጊያ አላቸው መሰለኝ።»

አልሳቁም። ትክ ብለው አዩኝ። «አንተ የመብራት ሰው አይደለህ?»

«ነኝ።»

«አምፖል ሲበራ ይሞቅ የለ?»

«ይሞቃል።»

«ታዲያ አምፖሉ ቢታቀፍልኝስ?»

አያችሁ፣ ነገሩ እንዲህ ነው የጀመረው። በቀልድ አልወሰድኩትም። ለታዬ ስነግረው ዓይኑ በራ። ሳጥን ሠርተን አምፖል እናስገባለን። ግን አምፖሉ ዝም ብሎ ከበራ እንቁላሉ ቅቅል ይሆናል፤ ከጠፋም ይበርደዋል። ሠላሳ ሰባት ተኩል ዲግሪ ላይ መቆም አለበት። ሙቀቱን እያየ አምፖሉን የሚያበራና የሚያጠፋ ሰርኪዩት ያስፈልጋል። ለዚህ ደግሞ ሙቀት የምታውቅ አንዲት ኮምፖነንት ትፈለጋለች።

እሷን ከሞተ ፎቶኮፒ ማሽን ሆድ ውስጥ አገኘናት። የስንዴ ፍሬ ታክላለች፤ ሁለት ቀጫጭን እግር አላት። ጠባይዋ ቀላል ነው። ሲሞቃት ለኤሌክትሪኩ መንገድ ትለቃለች፤ ሲበርዳት ትዘጋለች። ምን ያህል ስትሞቅ ምን ያህል ትለቃለች? እሱን የሚነግር ጽሑፍ የላትም። ደግሞም አንድ ለእናቱ ናት። ተሳስተን ካቃጠልናት አበቃ።

«በቅድሚያ ኮምፒውተር ላይ ነው የምንሞክራት፣» አለ ታዬ።

ፕሮግራሙን ከፈተ። የኮምፖነንቱን ዝርዝር ቢያወርድ፣ ቢያወርድ አያልቅም። የአሜሪካው አለ፣ የጃፓኑ አለ። የኛዋ የለችም። አገር ምድሩ ተመዝግቦ እሷ ብቻ መታወቂያ የላትም።

«ከሌለች እንሠራታለን፣» አለ።

ሞዴል መሥራት ማለት ይኸው ነው። ለኮምፖነንቷ ስም ታወጣለህ። ከዚያ ጠባይዋን ለኮምፒውተሩ ትነግረዋለህ፤ በዚህ ሙቀት ይህን ያህል ትዘጋለች፣ በዚያ ሙቀት ያን ያህል። ሁለት ቦታ ላይ ከለካሃት በመሃል ያለውን ፕሮግራሙ በቀመር ራሱ ይሞላዋል። ከዚያ በኋላ እውነተኛዋን ሳትነካ ስክሪን ላይ እንደፈለግክ ትፈትናታለህ።

«ስሟን ምን እንበላት?» አለ ታዬ፣ ጣቱን ኪቦርዱ ላይ አድርጎ።

አሰብኩ። ሲሞቃት የምትከፍት፣ ሲበርዳት የምትዘጋ። እኔ የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። እትዬ ዘይነባ ፀሐይ የወጣ ቀን በራቸው ወለል ብሎ ይውላል፤ ብርድ የሆነ ቀን ገና በአሥር ሰዓት ይቀረቅሩታል። እኔም ውጭ እቀራለሁ።

«ዘይነባ በላት፣» አልኩት።

ቀጥሎ ልኬቱ። ሙቀት መለኪያ የለንም። ንብረት ክፍል አለ የሚባለው ከተሰበረ ቆይቷል፤ ሞዴል ሃያ ብንሞላም ባንሞላም ያው ነው። ግን ሁለት ነገር እናውቃለን። የሚቀልጥ በረዶ ዜሮ ነው፤ የሚፈላ ውሃ መቶ ነው። ማፍላቱ አያስቸግርም። በረዶ ግን መካነ ሰላም ውስጥ ከየት ይመጣል? ማቀዝቀዣ ያለው ሰው አናውቅም። ከሰማይ ነዋ። ጊዜው በልግ ነበር። ገበሬው በረዶ እንዳይጥልበት ዱዓ ያደርጋል፣ ስለት ይሳላል። እኔና ታዬ ባልዲ ይዘን ደመናውን እናያለን። ለማንም አልተናገርንም። ከተማው ቢሰማ በዚያው ባልዲ ነበር የሚለን።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዘነበልን። ማሳው ላይ ሳይደርስ ከተማው ላይ ብቻ አራግፎ ሄደ፤ አልሐምዱሊላህ። ለቅመን፣ ቀጥቅጠን፣ ኮምፖነንቷን በላስቲክ ጠቅልለን በረዶው ውስጥ ከተትናት፤ ለካን፤ ዜሮ ብለን ለኮምፒውተሩ ነገርነው። ውሃ አፍልተን እዚያ ውስጥ ከተትናት፤ ለካን፤ መቶ ብለን ነገርነው። ዘይነባ ተወለደች።

ስክሪን ላይ ስትሠራ ማየት ነበረባችሁ። ሠላሳ ሰባት ተኩል ሲደርስ አምፖሉ ጥፍት፤ ትንሽ ሲወርድ ብርት። ታዬ እጁን አጨበጨበ። ከዚያ ያንኑ በእውነተኛው ዕቃ ሠራነው። የኮምፔንሳቶ ሳጥን፣ ሁለት አምፖል፣ ከታች የውሃ ሳህን። አምፖሉ ልክ እንደ ስክሪኑ ብርት፣ ጥፍት ይላል። ከዚህ በኋላ ምን እንጠብቃለን?

እትዬ ዘይነባ እንቁላሎቹን በጭድ በተሞላ ቅርጫት ይዘው ማሠልጠኛው ድረስ መጡ። ሦስት ደርዘን ይጠጋል። ሽጠው ጨው ሊገዙበት ይችሉ ነበር፤ አልሸጡትም። «ቢስሚላህ» እያሉ አንድ በአንድ በእጃቸው ደረደሩ። በመሃል ታዬ አፉን ከፈተ። እርስዎ እኮ ኮምፒውተር ውስጥ አሉ አላቸው።

እጃቸው ቆመ። «እኔ?»

«ስምዎን ለዚች ዕቃ አውጥተንላታል።»

«ማን ፈቀደላችሁ?»

ታዬ እኔን አየኝ፤ እኔ እንቁላሉን አየሁ። እሳቸው ጎንበስ ብለው ሳጥኑን አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ደህና ትሠራለች?» አሉ።

«በጣም።»

«እንግዲያስ ይሁን።» እንቁላላቸውን መደርደር ቀጠሉ።

በማግስቱ ከወረዳ ሪፖርት የሚያዘጋጅ አንድ ሰው መጣ። ሞዴል እየሠራችሁ ነው ሲባል ሰምቻለሁ አለ። ታዬ በኩራት አዎ፣ ዘይነባ የምትባል ሞዴል አፍርተናል አለው። ሰውየው ጻፈ። በምን ዘርፍ? አለ። በዶሮ እርባታ አልነው። ውሸት ነው እንዴ? አይደለም። ጻፈ። ውጤታማ ናት? እስካሁን እንከን የላትም። ጻፈ። እንዲህ ተግባብተን፣ ሳንግባባ ተለያየን። በሳምንቱ እትዬ ዘይነባ የሞዴል አርሶ አደሮች ስብሰባ ላይ ተጠርተው፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው፣ ምሳ በልተው፣ ኮፍያ ተሸልመው መጡ። አንድ ጥማድ መሬት የላቸውም። ምን ሲባል ነበር? ብላቸው፣ «እኔ ምን አውቄ። ሲያጨበጭቡ አጨበጨብኩ፣» አሉኝ።

ስብሰባውን አስቀድሜ ነገርኳችሁ እንጂ፣ ከሱ በፊት፣ እንቁላሎቹ በገቡ በሦስተኛው ቀን ሐዋ መጥታ ነበር።

ሐዋ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የፊዚክስ አስተማሪ ናት። የወረኢሉ ልጅ። ከሷ ጋር ያለኝን ነገር እንዴት ልበላችሁ፤ ምንም አልነበረኝም። ምንም ስላልነበረኝ ነው ጠመኔ ለመዋስ እንኳ ከተማውን አቋርጬ እሷ ጋ የምሄደው። እኔ ያለሁበት ማሠልጠኛ ጠመኔ ሞልቶታል።

ሳጥናችሁን ልየው ብላ መጣች። የእህቷን ልጅ ትኩሳት የምትለካበትን፣ ያንን ብብት ውስጥ የሚገባውን ቴርሞሜትር በቦርሳዋ ይዛለች። ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠችው። ጠበቅን። አወጣችው። ሜርኩሪው ከታች ንቅንቅ አላለም።

«ተበላሽቶ ነው፣» አለ ታዬ።

ሐዋ ለኔ ሰጠችኝ። ብብቴ ውስጥ አደረግኩት። ሠላሳ ሰባት ሊሞላ ትንሽ ቀረው። አራግፋ መልሳ ሳጥኑ ውስጥ አስገባችው። አሁንም ንቅንቅ የለም። ያ ቴርሞሜትር የሚጀምረው ከሠላሳ አምስት ነው። እንግዲህ ሳጥናችን ሠላሳ አምስትም አልሞላም።

«ኮምፒውተሩ ሠላሳ ሰባት ተኩል ነው የሚለው፣» አለ ታዬ። ድምፁ ቀጥኗል።

«ኮምፒውተሩ ማን ነግሮት?» አለች ሐዋ።

«ዘይነባ።»

«ዘይነባን ማን ነገራት?»

«እኛ። በበረዶና በፈላ ውሃ ለክተን።»

«ውሃውን የት ነው ያፈላችሁት?»

«እዚሁ ነዋ፣» አልኩ።

ሐዋ መጀመሪያ ሳቋን ልትይዘው ሞከረች። አልቻለችም። ጠረጴዛውን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች አስረዳችን። ውሃ በመቶ የሚፈላው ባሕሩ ዳርቻ ላይ ነው። ወደ ደጋ በወጣህ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ውሃውም መቶ ሳይሞላ ይፈላል። እኛ አገር ዘጠና አንድ ገደማ ላይ ይፈላል። ባቄላ ከጠዋት ተጥዶ ከሰዓት የሚደርሰው ለምን መሰላችሁ? አለች።

«መጽሐፉ ግን መቶ ነው የሚለው፣» አለ ታዬ።

«መጽሐፉ ‘በባሕር ጠለል’ የሚል አለበት። እሱን ዘላችሁት ነው።»

ታዬ መጽሐፉን ገልጦ አየና፣ «ስለዚህ ኮምፒውተሩ አልዋሸም፣» አለ። «እኛ ነን የዋሸነው።» ይህን ሲል ደስ ያለው ይመስል ነበር። እምነቱ ተረፈችለት።

ሞዴሏን ከፈትን። መቶን አጥፍተን ዘጠና አንድ አስገባን። አንዲት ቁጥር ናት። ፕሮግራሙ ቀመሩን እንደገና አሰላ፤ ስክሪን ላይ አንዷን ሬዚስተር ቀይሩ አለን፤ ቀየርን። በእውነተኛው ሳጥን ላይም እንደዚያው። ቴርሞሜትሩን አስገባን። ሠላሳ ሰባት ተኩል። ሐዋ ወደኔ ዞራ ፈገግ አለች። ያቺን ፈገግታ በየትኛው ቀመር ልንገራችሁ?

ግን እንቁላሎቹ ሦስት ቀን በርዷቸዋል። ታዬ ለእትዬ ዘይነባ አንንገራቸው አለ። ሐዋ የሰው አደራ ነው፣ ይነገራቸው አለች። እኔ ከሐዋ ጋር ተስማማሁ። በሁሉም ነገር ከሐዋ ጋር እስማማ ነበር።

ማታ ራት ላይ ነገርኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ጥፋቱ የማን ነው? የዚያች የዘይነባ ነው?»

«አይደለም እትዬ። እኛ ነን የተሳሳተ ነገር የነገርናት።»

«እንግዲያስ አብሽር፣» አሉ። «ዘይነባ ካላጠፋች ይወጣሉ።» በኋላ ግን ሲሰግዱ ዱዓቸው ከወትሮው ረዘመብኝ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። እንቁላሉን እናገላብጣለን። መብራት ሲሄድ የሞቀ ውሃ በጀሪካን እናስገባለን፤ በላዩ የታዬን ጋቢ እንደርባለን። ታዬን ያለ ጋቢ ያየሁት ያን ሰሞን ብቻ ነው። ሰልጣኞቹ እንኳ ሲገቡ «አሰላሙ አለይኩም» የሚሉት ለሳጥኑ ሆነ።

ዶሮ የምትፈለፍለው በሃያ አንድ ቀን እንደሆነ ማንም ያውቃል። ወረዳም ያውቃል። በሃያ አንደኛው ቀን ሹማምንቱ በመኪና መጡ። እትዬ ዘይነባ የሽልማት ኮፍያቸውን በሻሻቸው ላይ ደፍተው ቆመዋል። ትልቁ ሹም ንግግር አደረጉ። ተግዳሮት ቢኖርም ውጤቱ አመርቂ ነው፣ ተሞክሮው ተቀምሮ ይስፋፋ አሉ። ከዚያ ሳጥኑ ተከፈተ። እንቁላሎቹ ልክ እንደገቡ ተደርድረዋል። ድምፅ የለም። ትልቁ ሹም ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ሰጡ። ምንም።

«በሂደት ላይ ነው፣» አለ ታዬ።

«በሂደት ላይ ነው፣» አሉ ሹሙም። ተጨበጨበ፤ ሄዱ።

መኪናው ከሄደ በኋላ እትዬ ዘይነባ ኮፍያቸውን አውልቀው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ኮፍያውን ጭናቸው ላይ ያዞሩታል። በብርድ ሞተው ይሆናል ልላቸው ስል ቀድመውኝ፣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ቀኑን ግን የሚናገር የለም፣» ብለው ተነሱ።

ማግስቱም አለፈ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፊቴን እየታጠብኩ ሳለ ታዬ እየሮጠ ግቢ ገባ። ታዬ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። በሩን ይዞ እያለከለከ፣

«ዘይነባ ወለደች፣» አለ።

እትዬ ዘይነባ ከኩሽና ብቅ አሉ። «ማን ናት የወለደችው?»

«እርስዎ ነዎት እትዬ፣» አልኳቸው።

ነጠላቸውን ሳይዙ ነው የወጡት። ማሠልጠኛው ስንደርስ አንዷ ወጥታ፣ ርጥብ ብላ፣ የራሷ ጉዳይ ግራ ገብቷት ቆማለች። ሌሎቹ ከውስጥ ቅርፊቱን ይቀጠቅጣሉ፤ ጥቅ፣ ጥቅ፣ ጥቅ። እኩለ ቀን ሳይሞላ ሳጥኑ ገበያ ሆነ። ያልወጡም ነበሩ፤ ከግማሽ በላይ ግን ወጡ። ብርዱ አዘግይቷቸው ነው እንጂ አልገደላቸውም። ለነገሩ ከወረዳው ካቢኔ ጋር ቀጠሮ የያዝነው እኛ እንጂ እነሱ አልነበሩም። ሰልጣኞች መጡ፣ ጎረቤት መጣ፣ ከመስጊድ የሚመለሱት ጎራ አሉ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱትም ጎራ አሉ። ሐዋ አንዷን በመዳፏ ይዛ ጆሮዋ ሥር አደረገቻት። እትዬ ዘይነባ «ማሻአላህ» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ታዬ ወደ ግድግዳው ዞሮ ነበር። ጉንፋን ነው አለ።

እትዬ ዘይነባ ውለታ የሚያሳድር ሰው አይደሉም። ሳምንት ቆይተው አንድ ቀን የክት ልብሳቸውን ለብሰው በአውቶቡስ ሄዱ። ወዴት እንደሆነ አልነገሩኝም። መጀመሪያ ሐዋን አነጋግረዋት ኖሯል። እሷም «ይጠይቁ እስቲ» ብላቸዋለች። የሄዱት ወረኢሉ ነው፤ የሐዋ አባት ዘንድ። ልጆችን ቁርኣን የሚያስቀሩ፣ የሚያስተምሩ፣ የተከበሩ ሼህ ናቸው። እኔ እዚህ ጠመኔ ስዋስ እዚያ እየታጨሁ ነበር።

ሼህ ነገሩን ሁሉ ሰምተው ሲያበቁ፣ ልጁ ምን ይሠራል? ብለው ጠየቁ።

እትዬ ዘይነባ አሰቡ። ኤሌክትሮኒክስ የሚለው ቃል አልመጣላቸውም። ቢመጣም ምን ብለው ያስረዱት? ያዩትን ተናገሩ።

«ጫጩት ይፈለፍላል፣» አሉ።

ሼህ ጺማቸውን ዳበስ አደረጉ አሉ። «ራሱ?»

«ራሱ። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«እንዲህ ያለ ትዕግሥት ካለውማ፣» አሉ ሼህ፣ «ልጄንም ይችላታል።»

ኒካሁ ታሰረ። ይኸው እስከ ዛሬ ሼህ አማቴ ቤት በሄድኩ ቁጥር የታመመች ዶሮ ትጠብቀኛለች። አንድ ዒድ ላይ ነገሩን ላጥራ ብዬ ዲፕሎማዬን ይዤ ሄድኩ። የተማርኩት የዶሮ ሳይሆን የኤሌክትሮኒክስ መሆኑን ከአምፖል ጀምሬ እስከ ትራንዚስተር በዝርዝር አስረዳኋቸው። በአክብሮት ሰሙኝ። ዲፕሎማውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው አዩት፣ መረቁኝ።

«ማሻአላህ፣ ተምረሃል፣» አሉ። «በል አሁን ይቺን ዶሮ እያት፤ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።»

ምን ላድርግ? አየኋት። ወዲያ ወዲህ አገላበጥኳት፤ ክንፏን ገልጬ አየሁ፤ አንገቴን ነቀነቅኩና አስቀመጥኳት።

ወላሂ፣ በማግስቱ በላች። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቶቻቸውም ዶሮ ማምጣት ጀምረዋል።